አባዬ ካቴና ላይ ነው

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከደብረ ማርቆስ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው የ7 ዓመቷ ልጄ ነበረች። እኔ ጓሮ፣ ብስክሌቴ ሥር ተንበርክኬ ሁለት እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሯል። እናቴ እንደ ልማዷ የእኛን ጤና፣ የጎረቤቱን ጤና፣ የድመቷን ጤና ሳይቀር ጠይቃ ስታበቃ «አባትሽስ የታለ?» ትላታለች። ልጄ መዋሸት አታውቅም። «አባዬ ካቴና ላይ ነው፤ እጁ ተይዟል» አለቻት።

ስልኩ ተዘጋ።

እጄን በአመድና በሳሙና ፈትጌ ስመለስ 9 ጥሪ አምልጦኛል። አንዱ የእናቴ፣ ሁለቱ የእህቴ፣ የቀሩት ስድስቱ «ፍርድ ቤት አካባቢ ሰው አላጣም» የሚለው አጎቴ ነው። መልሼ ደወልኩለት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስልክ እንዴት ፈቀዱልህ?» አለኝ።

«ማን ነው የሚፈቅድልኝ?»

«ዝም ብለህ ስማኝ። የምትናገረውን እያሰብክ ተናገር። የትኛው ጣቢያ ነህ? ዋስ ጠይቀዋል?»

«ጋሼ፣ ቤቴ ነኝ። የብስክሌት ካቴና ነው።»

ትንሽ ዝም አለና፣ በጣም ባዘነ ድምፅ፣ «ብስክሌት ሰርቀህ ነው?» አለኝ።

ጥፋቱ የልጄም የእናቴም አይደለም፤ የጣሊያን ነው። «ካቴና» በእነሱ ቋንቋ ሰንሰለት ማለት ነው፤ የውሻም ይሁን የእስረኛ፣ የመልሕቅም ይሁን የብስክሌት። ጣሊያን 5 ዓመት ተቀምጦ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ከጋራዥ አልወጡም። ፍሬን የእሱ ነው፣ ማርሽ የእሱ ነው፤ ካቻቢቴው፣ ካላማዳሪው፣ ፓራፋንጎው፣ ጎሚስታው ራሱ የእሱ ነው። እኛ ደግሞ ሰንሰለት የሚል ቃል ሳናጣ ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀውንና ብስክሌት ጥርስ ላይ የሚዞረውን በአንድ ስም እየጠራን ቀረን። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳትንም። ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ጠፍሮ ያዋለኝ የትኛው ካቴና እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገሩ የጀመረው በጩኸት ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት፤ እዚህ ብስክሌት መኪና ያጣ ሰው መጽናኛ ሳይሆን እግር ነው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ዳቦ አከፋፋዩ በዘንባባው ጥላ ሥር ሲመላለስበት ይውላል። የእኔዋ ማርሽ የሌላት፣ ከእኔ ጋር 6 ክረምት ያሳለፈች ጥቁር የቻይና ሥሪት ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ካቴናዋ «ሲጥ» ማለት ጀመረ፤ ያውም ዳገት ላይ ብቻ። በመንገዴ ላይ ዳገት የሚባል ስለሌለ ነገሬ አላልኩትም። በጥቅምት ሜዳው ላይም «ሲጥ ሲጥ» አለ። በኅዳር ሰፈሩ ለመደው። አከራያችን እማማ ገና ወፍጮ ቤቱ ጋ ስታጠፍ ይሰሙኝና ጀበናቸውን ይጥዳሉ፣ ባለቤቴ ሽሮውን ታሞቃለች፣ ልጄ ሮጣ በር ትከፍታለች። በር ማንኳኳት የሚባል ነገር ረሳሁ።

የሚጮህ ካቴና ያለው ሰው ሐኪም አያጣም። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ «መድኃኒቱ የተቃጠለ ዘይት ነው» ብሎ ከጋራዥ በሃይላንድ ሞልቶ አመጣልኝ። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤቴ በዘበኛው ሐኪምነት ስቆ ሲያበቃ ግሪስ በጣቱ ዝቆ ለቀለቀልኝ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሆኖ ብስክሌቷን ሳያያት «ላምባ ነው፣ ላምባ!» ብሎ በስልክ አዘዘ። እማማ ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ ብረትም እንደ ሰው ነው። ምግብ ነው ያነሰው» ብለው በስኒ ኑግ ዘይት ሰጡኝ። ለጋ ቅቤ ብቻ ነው ያልታዘዘልኝ፤ እሱንም ያስቀረው ዋጋው ነው።

እኔ ደግሞ ሰው ማሳፈር አልወድም። ሁሉንም በየተራ ቀባሁ። ሁሉም ለሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ከነቤተሰቡ ተመለሰ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ዓመት ቀባሁ። ካቴናው በመጨረሻ ካቴናነቱ ቀርቶ ጥቁር ገመድ መሰለ፤ ገለባው፣ ፀጉሩ፣ የበግ ሱፍ የመሰለ ነገር ሁሉ ተለጥፎበታል። የሱሪዎቼ ሁሉ ቀኝ እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ የጥርስ ማኅተም አለበት፤ በኦሞ ቢታጠብ በአጃክስ ቢፈተግ አይለቅም። አንድ ጥምቀት ነጭ ለብሼ ወጣሁና ታቦቱ ጋ ስደርስ ግራ እግሬ በዓል ላይ፣ ቀኝ እግሬ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ያን ቀን በሰው ፊት ምንም አላለችኝም። ቤት ስንገባ አለችኝ።

ነገሩን የቆረጠው የእማማ ኑግ ነው። ኑግ ዘይት አየር ላይ ሲውል ይደርቃል፤ መጥበሻ ጠርዝ ላይ ቆይቶ በጥፍር የማይለቅ ሙጫ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ካቴናዬም ላይ ይኸው ሙጫ ያዘ፤ አያያዦቹ እንደ ሽማግሌ ጉልበት አልታጠፍ አሉ። ፔዳሉን ስረግጥ ካቴናው ጥርሱ ላይ ተቆልምሞ ይወጣና «ቀጭ» ብሎ ይመለሳል። እየገፋሁ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ።

ጎሚስታችን ዋርካ ሥር የሚሠሩ፣ ከአፋቸው መፋቂያ የማይለይ ሽማግሌ ናቸው። ብስክሌቷን አልነኳትም። ገበያ ላይ እንደቀረበ በግ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ምን ምን አበላሃት?» አሉኝ። ዘረዘርኩላቸው። ኑጉ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ፣ ገለበጡት፣ በደረቁ ጫፍ ከኋለኛው ጥርስ መሐል አንድ ጥቁር ድብልብል ፍቀው አወጡና መዳፌ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«እሸው እስቲ።»

በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል አሸሁት። ከላይ ለስላሳ ነው፤ ትንሽ ጫን ሲሉት ግን ይንኮሻኮሻል፤ ሽሮ ውስጥ ጠጠር እንደማግኘት ነው።

«አሸዋ አለው» አልኳቸው።

«ወፍጮ ነው። ደረቅ አቧራ ቢሆን ኖሮ ነፋስ ይወስደው ነበር። ዘይት ስታጠጣው ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡ ደግሞ ብረት ይፈጫል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትፈጭ ነው የኖርከው።» መፋቂያውን እንደገና ገልብጠው በንጹሑ ጫፍ ወደ አፋቸው መለሱት። «ዘይት የሚፈልገው ውስጡ ነው፤ አንተ የምትቀባው ቆዳውን ነው።»

«እሺ፣ እጠቡልኛ ጋሼ።»

«ማጠብ የባለቤቱ ነው። እኔ ጎማ እለጥፋለሁ።»

እንግዲህ ግማሽ ሊትር ላምባ፣ አንድ ባለ 5 ሲሲ ስሪንጅ፣ ትንሽ ጠርሙስ የስፌት መኪና ዘይትና የወይራ መፋቂያ ይዤ ቅዳሜ ጓሮ ገባሁ። ስሪንጁን የሸጠችልኝ የፋርማሲ ልጅ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ለብስክሌት» ስላት ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል ሳትጨምር መልሴን ቆጥራ ሰጠችኝ።

ማርሽ በሌላት ብስክሌት ላይ ካቴናው የሚገጠመው በአንዲት ክሊፕ ነው። ጥፍር የምታህል፣ ጫፏ ለሁለት የተሰነጠቀ ስስ ብረት ናት፤ ጣና ዳር የኖረ ሰው ሲያያት ቆሮሶ ዓሣ ትመስለዋለች፤ ራስ አላት፣ ጭራ አላት። ሽማግሌው «ስትመልሳት ራሷን ወደ ጉዞው አድርግ። ዓሣ ወደ ኋላ አይዋኝም» ብለውኛል። ካቴናው በላይኛው መስመር ሲሄድ ድፍኑ ወገኗ ወደ መሪው ይዙር ማለታቸው ነው፤ ጭራዋ ከቀደመ አንድ ነገር ይነካትና ትሾልካለች። ሁለተኛው ትእዛዛቸው «ስታወልቃት ጨርቅ አልብሳት» የሚል ነበር። እሱን ረሳሁት። በፒንሳ ጭራዋን ጫን ስል «ቲክ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ዓሣዋ የለችም።

ግቢው በሙሉ ፍለጋ ወጣ። እማማ መነጽራቸውን አመጡ። ባለቤቴ በመጥረጊያ ልትጠርግ ስትል የባጃጁ ሹፌር «እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። ዶሮዋ ስትለቅም ነበርና አንድ ሰው በጥርጣሬ ያያት ጀመር፤ በዓልም ቀርቦ ስለነበር ጥርጣሬው ንጹሕ አልነበረም። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት በሲባጎ አስሮ አፈሩን እየጎተተ ዞረ። ሦስተኛው ዙር ላይ ማግኔቱ ጢም አውጥቶ መጣ፤ ከድንጋይ የደቀቀ ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋ ጫፉ ድረስ ቆሞበታል። ጢሙ መሐል ዓሣዋ ተሰክታለች።

ልጆቹ በደስታ ሲጨፍሩ እኔ ጢሙን አየሁት። በጣቴ አሸሁት። ያው ነው፤ መዳፌ ላይ የተንኮሻኮሸው ያው ነው። በየቀኑ የምሄድበት መሬት ነው ካቴናዬ ውስጥ ያለው።

ካቴናውን ሃይላንድ ውስጥ አስገባሁና ላምባ አፈሰስኩበት። እማማ ከሰላቸውን ይዘው ወደ ማዶ ሄዱ፤ ላምባ እንደ ቤንዚን ቶሎ ባይቀጣጠልም ቡናና ላምባ አንድ ጓሮ ውስጥ አይስማሙም። ከዚያ መናጥ ጀመርኩ። ወተት የናጠ ሰው ያውቀዋል፤ እጅ ሳይሆን ወገብ ነው የሚሠራው። እማማ ከማዶ ሆነው «አይ! እንዲህ አይደለም፤ ወዘወዝ አድርገው እንጂ አታንቀጥቅጠው» እያሉ አስተማሩኝ፤ በዚህ ምክራቸው ግን ልክ ነበሩ። ላምባው በሁለት ደቂቃ ጠላ መሰለ፣ በአምስት ደቂቃ ቀለም ሆነ። አልደፋሁትም፤ ሌላ ሃይላንድ ውስጥ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሲያድር አተላው ይወርዳል፣ ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው ይሆናል። ባለቤቴ «ከጠላው አጠገብ እንዳታስቀምጠው ብቻ» አለችኝ። አጠገቡ ነበር ያስቀመጥኩት።

ችግሩ ካቴናው አልወጣ ማለቱ ነው። ሲገባ እንደ እባብ ሹልክ ብሎ ገባ፤ ሲወጣ ጫፉ ጠፋ። ጫፉን በሽቦ አስሮ ውጭ ማስቀረት እንደነበረብኝ የገባኝ ሃይላንዱን በቢላዋ ስሰነጥቀው ነው።

ላምባው ሥራውን ሲጨርስ ተንኖ መድረቅ አለበት፤ ውስጥ ከቀረ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። ስለዚህ ካቴናውን ልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሥራ ሲፈታ ይቆጥራል፤ ቆጠርኩ። 112 አያያዥ ነው። ከአያያዥ እስከ አያያዥ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር አለ። አንዱ አያያዥ ሁለት የውጭ ቅጠል አለው፣ ቀጣዩ ሁለት የውስጥ ቅጠል፤ በመሐላቸው ፒን ያልፋል፣ ፒኑ በቀለበት ውስጥ ይዞራል፣ ቀለበቱ ላይ ደግሞ ጥርሱን የሚነካው ተሽከርካሪ በርሜል አለ። ይህን ያስተካከለው በ1880 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረ ሃንስ ሬኖልድ የሚባል የስዊዝ ተወላጅ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ኮቨንትሪ ላይ «ሮቨር» የተባለችውን ብስክሌት አወጣ፤ ካቴናዋ የኋላውን ጎማ የሚያዞር፣ ዛሬም የምንነዳት ዓይነት። ከዚያ በፊት በየመንገዱ ይታይ የነበረው ፔዳሉ ፊተኛው ጎማ ላይ የተሰካ፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ነገር ነው። ካቴና የሚባል የለው፤ መውደቁ ግን ከቆጥ እንደ መውደቅ ነው።

መቁጠር ከጀመርኩ አይቀር ቀጠልኩ። የእኔዋ ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ አላት። ፔዳሉን አንዴ ሳዞር ወደ 5 ሜትር ከ40 እሄዳለሁ። መሥሪያ ቤቴ 5 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ፔዳሉ ወደ 930 ጊዜ ይዞራል፤ ካቴናው ሙሉ ዙሩን ከ360 ጊዜ በላይ ይጨርሳል። በአንዱ ዙር እያንዳንዱ አያያዥ አራት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ፊት ጥርስ ላይ ሲገባ ይታጠፋል፣ ሲወጣ ይቃናል፣ ኋላም እንደዚያው። ስለዚህ እኔ ቢሮ እስክደርስ አንዷ ፒን ከ1,400 ጊዜ በላይ ትሰግዳለች። እኔ በስቅለት ዕለት መቶ ሰግጄ ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያቃተኝ ሰው ነኝ። እሷ በየቀኑ፣ ደርሶ መልስ፣ ያውም በአሸዋ ላይ።

ሕዝባችን ሩጫን ከብስክሌት አብልጦ የወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጫማ እንኳ ሳያደርግ ማራቶንን አሸነፈ። የሚጠረግ የለ፣ የሚቀባ የለ፣ የሚጠፋ ክሊፕ የለ። ይህን ያየ ሕዝብ እንዴት ብሎ ካቴና ይታገሥ?

ካቴናው እስኪደርቅ መፋቂያውን ይዤ ጥርሶቹን ፋቅኩ። ለዚህ ሥራ ከወይራ መፋቂያ የተሻለ መሣሪያ የሚሸጥ አይመስለኝም። ጫፉን ስታኝከው ብሩሽ ይሆናል፤ ሳታኝከው ሹል ነው፤ ጥርስና ጥርስ መሐል ልክክ ብሎ ይገባል። ማኘኩን ግን ከመፋቅህ በፊት ጨርስ። እኔ አንዴ ተሳስቼ ደገምኩት፤ የተቃጠለ ዘይት ምን ምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ።

ሲደርቅ ለካሁት። ሽማግሌው «24 አያያዥ ቁጠርና ለካ» ብለውኛል፤ አዲስ ካቴና ሲሆን ልክ 30.48 ሳንቲሜትር ይመጣል። የልጄ ማስመሪያ 30 ላይ ያልቃል፤ እኔ የምፈልገው ነገር በሙሉ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከግንበኛ ጎረቤት የብረት ሜትር ተዋስኩ። 30.66 መጣ። ብረቱ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ አይደለም፤ ፒኑና ቀለበቱ ትንሽ ትንሽ ተፈጭተው ክፍተቱ ስለሰፋ ነው። የፀጉር ያህል በ112 ሲባዛ ጠቅላላው ወደ 8 ሚሊሜትር ይሆናል። 30.78 ከደረሰ ጥርሶቹንም አብሮ ይበላቸዋልና ያን ጊዜ መጣል ነው። የሁለት ዓመት ቀለቤ ካቴናዬን ግማሽ መንገድ ወደ መቃብር ወስዶታል ማለት ነው። ለዘበኛው አልነገርኩትም።

ካቴናውን መለስኩ፤ ዓሣዋን ራሷን ወደ መሪው አድርጌ ገጠምኳት። አሁን ዘይት ነው። ስሪንጁን ሞልቼ፣ ፔዳሉን በግራ እጄ ወደ ኋላ እያዞርኩ፣ በየበርሜሉ ላይ አንድ አንድ ጠብታ። አንድ። ከላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች፣ ታበራለች፣ ከዚያ በርሜሉና ቅጠሉ መሐል ስትገባ ዓይንህ እያየ ትጠፋለች። ሁለት። ሦስት። ሥራው ይኸው ነው፤ ጠብታዋ ስትጠፋ ማየት። ስትጠፋ ነው የገባችው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ሳፈስ የነበረው ዘይት አንድም ቀን አልጠፋም ነበር፤ ላዩ ላይ ተቀምጦ አቧራውን ሲጠራ ይውላል። 41 ላይ ስደርስ ልጄ «እግዚኦታ ነው?» አለችኝ። 67 ላይ እናቴ ደወለች፤ መፈታቴን ከራሴ አፍ ልትሰማ። ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከየት እንደጀመርኩ ማን ያውቃል ብዬ ሳማርር ዓሣዋ ከታች ብቅ አለች፤ ከእሷ ነበር የጀመርኩት። ለካ ምልክትም ትሆናለች። 112 ስጨርስ ስሪንጁ ውስጥ ጥቂት ተርፏል። ዘበኛው ያመጣልኝ ሃይላንድ አንድ ሊትር ነበር።

የስፌት መኪና ዘይት ቀጭን ስለሆነ ለበጋ ነው፤ ውስጥ ይገባል፣ አቧራም ብዙ አይይዝም፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ቶሎ ቶሎ ይጠይቅሃል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ እንዳያጥበው ወፈር ያለ ያልተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሻላል ብለውኛል ሽማግሌው። የተቃጠለው ግን ሌላ ሰው ሞተር ውስጥ የተፈጨውን ብረትና ጥላሸት ተሸክሞ የመጣ ነው። የሌላ ሰው ወፍጮ አምጥቶ የራስን ካቴና መፍጨት ምን ይባላል?

ሌሊቱን አሳደርኩት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጨረሻው ሥራ ነበር፤ መጥረግ። ለጨርቅ ያገኘሁት ያልሮጥኩበትን የታላቁ ሩጫ ካናቴራ ነው። ካቴናውን በካናቴራው ጨብጬ ፔዳሉን አዞርኩ። ጠቆረ። ንጹሑን ወገን አምጥቼ አዞርኩ። ጠቆረ። እንዲህ እያልን ከደረት ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ እጅጌ ሄድን። ባለቤቴ ከበሩ ሆና «አሁን የቀባኸውን ነው የምትጠርገው?» አለችኝ። አዎ። ውጭ ላይ በዓይን የሚታየው ዘይት ሁሉ ትርፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ገብቷል። ይህን ለእሷ ማስረዳት ከካቴናው ከበደኝ፤ እሷ ወጥ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ወጥ አትለውም። በመጨረሻ በነጭ ወረቀት ነካሁት። ወረቀቱ ላይ ስስ ግራጫ መስመር ብቻ ቀረ።

ሰኞ ማታ ከሥራ ስመለስ ብስክሌቷ ድምፅ አልነበራትም። ጎማው አስፋልቱን ሲልስ ብቻ ነው የሚሰማው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስታጠፍ ማንም አልሰማኝም። ጀበና አልተጣደም፣ ሽሮም አልሞቀም፣ በሩም ዝግ ነው። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከአጥሩ ማዶ የእማማን ድምፅ ሰማሁ። ቡና ላይ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ አለ።

«...እኔ ነኝ ያዳንኳት። ስንቱ ሲለቀልቃት ኖሮ ኑጉን ስሰጠው ነው ቀጥ ያለችው። ዘይቱ ለመግባት ቀን ይፈልጋል፤ ዝም ብሎ አይሠራም።»

«ግሪሱ ነው እንጂ እማማ» ይላል የባጃጁ ሹፌር። «ግሪስ ሥር የሚሰደው ቆይቶ ነው።»

«አንተ ደግሞ! ግሪስ ይበላል?»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። በሩ ተከፈተ። እማማ ከበርጩማቸው ቀና ብለው ብስክሌቷን ከፊት እስከ ኋላ አዩ፣ ጆሯቸውን ወደ ካቴናው አዘነበሉ፣ ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«አያችሁ? ጭጭ!» ስኒ አነሱልኝ። «ኑጉ ነው አይደል ልጄ?»

ቡናው ገና ሁለተኛው ነው፤ ይሞቃል።

«ነው እማማ» አልኩና ተቀመጥኩ።